ባድማ አይደለም፣ ነዋሪ አለው፦ «ጨለማው ባድማ» ለተሰኘው ጽሑፍ ምላሽ

ጋሼ፣ «ጨለማው ባድማ» ብለው ስለ አንታርክቲካ የጻፉትን ደጋግሜ አነበብኩት። ደሴ ላይ በጠመኔ ብቻ፣ ያለ ካርታ፣ ዓለምን ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየሣሉ ያስተማሩን ሰው ነዎት፤ ከእርስዎ ጋር መሟገቴ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ። ዝም እንዳልል ያደረጉኝ ኮምቦልቻ የማስተምራቸው ልጆች ናቸው። ጽሑፉን ይዘው ክፍል ገቡና «ይኸው፣ በረዶ ሥር ሕይወት የለም ተብሏል» አሉኝ። የባዮሎጂ መምህርት ሆኜ ይህን ሰምቼ ወደ ቀጣዩ ምዕራፍ ማለፍ አልቻልኩም። ምላሹ እንግዲህ ለእርስዎም ለእነሱም ነው።

ላላነበበው ሰው የጽሑፉን ፍሬ ነገር ላስቀምጥ። በአንታርክቲካ ዳርቻ ከየብስ እየተገፋ ወጥቶ ባሕር ላይ የሚንሳፈፍ ወፍራም ግግር በረዶ አለ። ጋሼ የሚሉት ከዚህ በረዶ ሥር ያለው የባሕር ወለል ባድማ ነው። ብርሃን ስለሌለ ምግብ የለም፤ ውኃው ከዜሮ በታች ስለሆነ ሕያው ነገር አይችለውም፤ ከላይ ስለተከደነ፣ ደሴ አቅራቢያ እንዳለው ሐይቃችን (ስሙም ሐይቅ ነው) የታችኛው ውኃ የታፈነ ነው። ሳይንቲስቶቹም በ1970ዎቹ ራሳቸው ቆፍረው ጭቃው ባዶ መሆኑን መስክረዋል። ከዚያ ወዲህ ታዩ የተባሉት እንስሳት ጅረት ገፍቶ ያስገባቸው መንገደኞች ናቸው። ስለዚህ በረዶው ቢሰበር የሚጎዳ የለም፣ እንዲያውም ለሕይወት ድንግል መሬት ይከፈታል። (እኔ የምጠቅሳቸው ዓመቶች የእኛ ናቸው ካላልኩ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ብርሃን ከሌለ ምግብ የለም» የሚለው ላይ ልቆይ፤ የቀረው ሙግት የተንጠለጠለው እዚህ ላይ ነውና። ግማሹ እውነት ነው፦ የባሕር ምግብ ሥሩ አብዛኛውን ጊዜ ብርሃን ነው። ግን ምግብ በተመረተበት ቦታ ብቻ ይበላል ያለው ማን ነው? ውቅያኖስ በአማካይ 3,700 ሜትር ገደማ ጥልቀት አለው። ለብርሃን አስተፃምሮ የሚበቃው ብርሃን ደግሞ ከ200 ሜትር ብዙም አይዘልቅም። በጋሼ ስሌት ከሄድን በረዶ የማያውቀው የባሕር ወለል ጭምር፣ ከሞላ ጎደል በሙሉ፣ ባድማ መሆን ነበረበት። እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ከላይ የሞተ አልጌ፣ የጥቃቅን እንስሳት ኩስና ሬሳ ወደ ታች ይዘንባል፣ ወለሉ ላይ ያሉትም ያንን ይበላሉ። ከበረዶው ሥር ያለው ልዩነት ይህ ዝናብ ከላይ መቋረጡ ነው። እዚያ ምግብ የሚመጣው ከጎን ነው። በበጋ ክፍት ባሕር ላይ የሚያብበውን አልጌ ጅረት ይዞት በበረዶው ሥር ይገባል፤ እየራቀ በሄደ ቁጥር እየሳሳ ይሄዳል፣ የሚደርስበት ቦታ ግን ሰዎች ገምተውት ከነበረው እጅግ የራቀ ነው።

ምን ያህል እንደሚርቅ ያሳየው ደግሞ ጋሼ «ድንጋይ ላይ የተለጠፈ ነገር አየን አሉ» ብለው በአንድ መስመር ያለፉት፣ ፊልሽነር-ሮኔ ከተባለው ተንሳፋፊ በረዶ ሥር የመጣው ግኝት ነው። በ2021 የታተመው ይህ ግኝት ታሪኩ ራሱ ይጣፍጣል። የብሪታንያ የአንታርክቲክ ጥናት ድርጅት ጂኦሎጂስቶች ወደዚያ ሲሄዱ ሕይወት ፍለጋ አልነበሩም፤ ዓላማቸው ከወለሉ የደለል ናሙና መቅዳት ነበር። 20 ቶን ያህል በረዶ አቅልጠው ባገኙት ሙቅ ውኃ 900 ሜትር ግድም የሚወፍረውን ጣሪያ እያሟሙ በሱት። የደለል መቅጃው ቱቦ ወደ ታች ወረደና ከጭቃ ይልቅ ቋጥኝ መታ። ለጂኦሎጂስት ይህ ኪሳራ ነው። ካሜራው ያመጣውን ምስል ሲያዩ ግን ቋጥኙ ላይ ስፖንጆችና ባለ ዘንግ እንስሳት ተተክለው ቆመዋል፤ አንድ ሁለት ሳይሆኑ ከሠላሳ የሚበልጡ። ቦታው ከክፍት ባሕር 260 ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ ነው፤ ከደሴ ተነሥቶ ደብረ ብርሃን ጥግ የሚያደርስ መንገድ ማለት ነው። ጥልቀቱ 1,233 ሜትር፣ የውኃው ሙቀት ደግሞ ከዜሮ በታች 2.2 ዲግሪ ሴልሺየስ። በዚያ ላይ ጅረቱ በአቋራጭ አይመጣም። ተመራማሪዎቹ የውኃውን አካሄድ ተከትለው ሲያሰሉ ቋጥኙ ላይ የሚደርሰው ምግብ ብርሃን ካለበት ባሕር ከ625 እስከ 1,500 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ሊሆን እንደሚችል አገኙ።

እነዚህ እንስሳት ውኃ እያጣሩ የሚበሉ ናቸው። አይሄዱም፣ አያድኑም፤ ጅረቱ የሚያመጣላቸውን ይጠብቃሉ። ሳይንቲስቶቹ ከዚያ በፊት የነበራቸው ግምት ከዳር በራቀ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠፉት እንዲህ ያሉት ናቸው የሚል ነበር። እዚያ ርቀት ላይ የሚጠበቀው እየዋኘ ምግቡን የሚፈልግ እንስሳ ብቻ ነበር። ጋሼ፣ እንግዲህ «ምግብ የለም» ያሉበት ቦታ ላይ የቆሙት ምግብ ፍለጋ መሄድ የማይችሉት ናቸው። ከዚህ የሚበልጥ ምስክር ከየት ላምጣ?

ብርሃን የማይፈልግ የምግብ ምንጭም አለ። ሮስ በተባለው ተንሳፋፊ በረዶ ሥር ካለው ውኃ ውስጥ አሞኒየምን እያቃጠሉ ኃይል የሚያገኙ ረቂቅ ሕዋሳት ተገኝተዋል፤ በዚያ ኃይል ካርቦንን ወደ ምግብነት ይለውጣሉ። ብቻውን ብዙ ሕዝብ የሚቀልብ አይመስለኝም፣ ግን በባዶ ጎተራ ላይ ይህም ቀለብ ነው።

የብርዱን ነገር በአጭሩ ልለፈው። የባሕር ውኃ ጨው ስላለው ላይኛው ክፍሉ እንኳ ከዜሮ በታች 1.9 ዲግሪ ገደማ ካልደረሰ አይረጋም፤ ጥልቀቱና ግፊቱ ሲጨምር ደግሞ የመርጊያው ልክ ከዚያም ይወርዳል። ስለዚህ «ከዜሮ በታች» ማለት እዚያ የተለመደ ፈሳሽ ውኃ ማለት ነው። የአካባቢው ዓሦች ደማቸው እንዳይረጋ የሚያደርግ ፀረ-በረዶ ፕሮቲን አላቸው፤ ይህ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የታወቀ ነው። «የበረዶ ዓሣ» የሚባሉት ወገኖቻቸው ጭራሽ ቀይ የደም ቀለም የሚሰጠው ሄሞግሎቢን የላቸውም፤ ቀዝቃዛ ውኃ ኦክስጅን አጥብቆ ስለሚይዝ ያለ እሱ ይኖራሉ። ብርዱ ገዳይ የሚሆነው ለእኔና ለእርስዎ ነው።

አሁን ወደ ሐይቅ እንምጣ። ጋሼ የሐይቅ ልጅ ናቸው፤ ሁሉንም ነገር በሐይቅ ነው የሚለኩት፣ በዚህ አልወቅሳቸውም። የጻፉትም ሐይቁን በተመለከተ ትክክል ነው። ሐይቅ መውጫ የለውም፣ ጥልቅ ነው፣ የላይኛውና የታችኛው ውኃ እንደልብ ስለማይቀላቀሉ ታች ኦክስጅን ያጥረዋል። «እንግዲህ ክዳን የሌለው ሐይቅ ታቹ እንዲህ ከሆነ፣ ክዳን የተደረገበት ባሕር ምን ሊሆን ነው?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ያምራል። ችግሩ ተንሳፋፊው በረዶ ክዳን አለመሆኑ ነው። ከኋላው ከየብሱ ጋር ተያይዟል፤ ከፊቱ ግን ወደ ውቅያኖሱ ክፍት ነው፣ ሥሩም ውኃ ይመላለሳል።

እንዴት እንደሚመላለስ ልጆቼ በጣም የወደዱት ክፍል ስለሆነ ዘርዘር ላድርገው። በክረምት ከበረዶው ፊት ለፊት ያለው ባሕር ገጽ ይረጋል። ሲረጋ ጨዉ በረዶው ውስጥ አይገባም፣ ከሥሩ ያለው ውኃ ውስጥ ይቀራል። ያ ውኃ ጨዋማና ከባድ ይሆንና ወደ ታች ሰምጦ በተንሳፋፊው በረዶ ሥር ወደ ውስጥ ይፈስሳል፣ በረዶው ከየብሱ እስከሚለይበት እስከ ጥልቁ ጫፍ ድረስ። እዚያ ግፊቱ የመርጊያውን ልክ ስላወረደው፣ ያ እጅግ ቀዝቃዛ ውኃ እንኳ በረዶውን ለማቅለጥ የሚበቃ ሙቀት ይኖረዋል። የቀለጠው ጨው አልባ ውኃ ሲቀላቀልበት ይቀልላል፤ የጣሪያውን ሆድ ተከትሎ ሽቅብ ይወጣና ተመልሶ ወደ ባሕሩ ይደርሳል። ዙሩ የሚፈጀው ዓመታት ነው፤ እንደ ታፈነ ውኃ ዘመናት አይቀመጥም። ኦክስጅኑንም፣ የምግብ ፍርፋሪውንም፣ የእንስሳት እጭንም የሚያስገባው ይህ ዑደት ነው። ጋሼ ገዳይ ያሉት ብርድ፣ ሞተሩን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ራሱ ነው።

ቀጥሎ የ1977 ጉዳይ አለ። (የእኛ ሰባ ሰባት አይደለም። የወሎ ሰው «ሰባ ሰባት» ሲባል ልቡ ወዴት እንደሚሄድ ስለማውቅ ነው።) ጋሼ ከሁሉ የተማመኑት በዚህ ማስረጃ ነው፤ ስለዚህ አንብበው ያቆሙበትን ቦታ ማሳየት ግድ ይለኛል። ፈረንሳይን የሚያህለው የሮስ ተንሳፋፊ በረዶ በዚያ ዓመት መጨረሻ ላይ «ጄ-9» በተባለ ቦታ ተበሳ። ቦታው ከክፍት ባሕር ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ገብቶ ነው፤ በረዶው 420 ሜትር ውፍረት ነበረው። ከወለሉ በወጣው ጭቃ ውስጥ እየቆፈረ የሚኖር ትል ወይም ቀንድ አውጣ አልተገኘም። እስከዚህ ድረስ ጋሼ ትክክል ናቸው። ግን በ1979 የወጣው ያው ዘገባ ከጭቃው ቀጥሎ በካሜራና በወጥመድ የተገኘውን ይናገራል፦ የሽሪምፕ ዘመድ የሆኑ አምፊፖዶች መጥተው ወጥመዱ ውስጥ ገብተዋል፤ ዓሣም ታይቷል። በዚያች ጠባብ ቀዳዳ፣ በዚያ ርቀት፣ ዓሣ! ዓሣ ካለ የሚበላው አለ፤ የሚበላው ካለ ያ የሚበላው አለ። «ባዶ ጭቃ» የሚለውን ወስዶ ዓሣውን መተው ከእርስዎ የምጠብቀው አልነበረም።

ጭቃው ለምን ባዶ ሆነ፣ ቋጥኙስ ለምን ሞላ የሚለው እኔን የሚገርመኝ ነው። ጭቃ ውስጥ የሚኖር እንስሳ የሚበላው ከላይ ወርዶ የተከማቸውን ነው፤ ከላይ የሚወርድ ከሌለ ጭቃው ደሃ ነው። ቋጥኝ ላይ የተተከለ ስፖንጅ ግን ከወለሉ ከፍ ብሎ ጅረቱ መሐል ይቆማል፣ በጎን የሚያልፈውንም ይለቅማል። ቋጥኙ ራሱ ከየት መጣ ቢሉ፣ በረዶው ከየብስ ሲንሸራተት ሆዱ ውስጥ ያቀፈው ነው። ከሥር ሲቀልጥ ይለቀዋል፣ ድንጋዩም ጭቃው ላይ ወድቆ ሰፋሪ ይጠብቃል። እንግዲህ ለሃምሳ ዓመት ያህል በመቅጃ ቱቦ ጭቃ ብቻ ስንቀዳ ኖረን፣ ቱቦው ድንጋይ በመታ ጊዜ «ያልታሰበ ሕይወት» ማለታችን የመሣሪያውም ጉዳይ ነው። ለስላሳውን ቦታ የሚመርጥ መሣሪያ ጠንካራው ላይ የሚኖረውን ሊያገኝ አይችልም።

ከዚያ ወዲህ የተከፈቱት ቀዳዳዎች ጥቂት ቢሆኑም ዝም ያለ ቀዳዳ ማግኘት አስቸጋሪ ሆኗል። የአሜሪካ ቡድን በጥር 2015 ሮስ በረዶ ከየብሱ የሚለይበት ጫፍ ድረስ ሄዶ 740 ሜትር በረዶ በሳ። ከሥሩ ያለው ውኃ 10 ሜትር ጥልቀት ብቻ ነበረው፤ የባሕሩ በር ደግሞ 850 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ከአዲስ አበባ በደሴ አድርጎ መቀሌ የሚያደርሰው መንገድ እንኳ ይህን አያህልም። ሮቦቱ ሲወርድ ዓሣና አምፊፖድ መጥተው ከበቡት። በ2010 ደግሞ አንድ ቡድን በዚያው በሮስ በረዶ ላይ ሮቦት ሊሞክር ወርዶ፣ ከወለሉ ይልቅ በጣሪያው ሆድ ላይ ሰውነታቸውን በረዶ ውስጥ ቀብረው ተዘቅዝቀው የሚኖሩ አኒሞኖች አገኘ፤ እንደ አበባ እጆቻቸውን ወደ ውኃው የሚዘረጉ እንስሳት ናቸው። በ2013 «ኤድዋርድሲየላ አንድሪሌ» የሚል ሳይንሳዊ ስም ወጣላቸው። በረዶ ላይ መኖር መቻላቸው አስቀድሞ አልታወቀም ነበር።

«መንገደኞች ናቸው» የሚለው የጋሼ ጠንካራው ነጥብ ነው፤ ከሌሎቹ ይልቅ እዚህ ላይ መልስ ፈልጌ ለፍቻለሁ። ዓሣው መንገደኛ ነው ቢባል እሺ፤ ዋናተኛ ነው። ስፖንጅ፣ ብራዮዞአ (ድንጋይ ላይ ተጣብቀው በማኅበር የሚኖሩ ጥቃቅን እንስሳት)፣ ቱቦ ሠርቶ የሚኖር ትል ግን እግር የለውም። እነዚህ ወደ ሩቅ አገር የሚሄዱት ሕፃን ሳሉ ነው፤ እጫቸው በውኃ ላይ ተንሳፍፎ ጅረቱ ወዳደረሰው ይደርሳል። ብዙዎቹ የአንታርክቲካ እንስሳት እጮች ስንቃቸውን ከእንቁላሉ አስኳል ይዘው ነው የሚወጡት፤ በብርዱ ምክንያት እድገታቸው ዝግ ያለ ነው፣ ስለዚህ ለረጅም ጊዜ መንሳፈፍ ይችላሉ። ጠንካራ ነገር ሲያገኝ እጩ ይጣበቃል፣ ቅርጹን ይለውጣል፣ ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ እዚያው ነው። የተተከለ እንስሳ ማየት ማለት ዓመታት የቆየ ሰፈራ ማየት ማለት ነው።

ምን ያህል ዓመት? በ2018 ጀርመኖች የኖይማየር ጣቢያቸው ባለበት በኤክስትሮም በረዶ ላይ ቀዳዳዎች ከፍተው ነበር፤ ቀዳዳዎቹ ከባሕሩ ከ3 እስከ 9 ኪሎ ሜትር ገባ ያሉ ናቸው። ከወለሉ በወጣችው ትንሽ ናሙና ውስጥ የ77 ዝርያዎች ቅሪትና አካል ተለየ፤ አብዛኞቹ ብራዮዞአዎችና ቱቦ ሠሪ ትሎች። (ሰባ ሰባት እኛን መከተሉን አይተውም።) በአንድ ጊዜ የተገኘው ዝርያ ከዚያ በፊት በተንሳፋፊ በረዶ ሥር ሁሉ ተገኝቶ ከነበረው ድምር ይበልጣል። የሞቱት ቅርፊቶች በካርቦን 14 ሲለኩ ዕድሜያቸው ከዛሬ ተነሥቶ እስከ 5,800 ዓመት ወደ ኋላ ይዘልቃል። አራት የብራዮዞአ ዝርያዎች በየዓመቱ የሚጨምሩት እድገትም በክፍት ውኃ ከሚኖሩት አቻዎቻቸው ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ተገኘ። ወደ 6,000 ዓመት አንድ ቦታ የኖረን «መንገደኛ» ማለት ይከብዳል። ላሊበላ ከመፈልፈሉ ሺህ ዓመታት አስቀድሞ እዚያ ነበሩ። ከአምሪ በረዶ ሥር ከባሕሩ 100 ኪሎ ሜትር ገብተው አውስትራሊያውያን ያገኟቸው ስፖንጆችም የዚሁ ወገን ናቸው።

ሰፈራውን ከዚያ ወደ ኋላ ስንከተለው ወደ መጨረሻው የበረዶ ዘመን እንደርሳለን። ከ20,000 ዓመት ገደማ በፊት የአንታርክቲካ በረዶ በብዙ ቦታ እየገፋ እስከ ጥልቁ ባሕር አፋፍ ድረስ ወለሉን ተኝቶበት ነበር። የያኔው ወለል በእርግጥ የታረሰ ባዶ ነው፤ በዚህ ከጋሼ ጋር እስማማለሁ። በረዶው እያፈገፈገ ከወለሉ ሲነሣና ሲንሳፈፍ በሥሩ ክፍተት ተፈጠረ፣ ውኃ ገባ፣ ድንጋይ ወደቀ፣ እጭ ደረሰ። ወለሉ ሰፋሪ ያገኘው ተንሳፋፊው ጣሪያ ከላዩ ገና ሳይወገድ ነው ማለት ነው። ጋሼ ሕይወት የሚጀምረው በረዶው ሲሄድ ነው ያሉት እዚህ ላይ ይፈርሳል።

አሁን «ድንግል መሬት ይከፈታል» ወደሚለው ደረስን። ጋሼ ማስረጃ ያደረጉት እዚህም ሐይቅን ነው፦ ቆሮሶ ዓሣ ሰው አስገብቶት ሐይቁን ሞላው፤ እንዲሁ በረዶው ሲከፈት ሕይወት ይጎርፋል። ትንሽ ሐቅ አለበት፣ አልክድም። ላርሰን ኤ የተባለው በረዶ በ1995 ከፈራረሰ በኋላ ተመራማሪዎች በ2007 አይተው በ2011 ተመለሱ፤ በዚያ መሐል የመስታወት ስፖንጆቹ ሁለት ሦስት እጥፍ ጨምረው አገኟቸው። የመስታወት ስፖንጅ በዘመናት የሚያድግ ተደርጎ ይታሰብ ስለነበር ይህ ሁሉንም አስገርሟል። ብርሃን ሲመጣ አልጌ ይመጣል፣ አልጌ ሲመጣ ሆዳም ይጠቀማል።

ነገር ግን የመጣው ሲቆጠር የነበረውም ይቆጠር። ላርሰን ቢ በ2002 መጀመሪያ ላይ በሳምንታት ውስጥ 3,250 ካሬ ኪሎ ሜትር ተበታተነ። በ2005 ወለሉን ያዩ ተመራማሪዎች 850 ሜትር ግድም ጥልቀት ላይ ከምድር የሚወጣ ጋዝን መሠረት ያደረገ፣ ትላልቅ ባለ ዛጎል እንስሳትና ነጭ የባክቴሪያ ምንጣፍ ያለበት ማኅበር አገኙ። ይህ በሦስት ዓመት የሚበቅል አይደለም፤ ከጣሪያው ሥር ቀድሞ የኖረ ነው። ከሁሉ ግልጹ ማስረጃ ደግሞ የቅርቡ ነው። ጥር 13 ቀን 2025 ከጆርጅ 6ኛ በረዶ 510 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ፣ አዲስ አበባን የሚያህል «ኤ-84» የተባለ ቁራጭ ተለየ። «ፋልኮር ቱ» የተባለችው የምርምር መርከብ አጠገቡ ስለነበረች በጥር 25 እዚያ ደረሰች፤ ሮቦትም ወደ ወለሉ ወረደ። እስከ 1,300 ሜትር ጥልቀት ድረስ ትላልቅ ኮራልና ስፖንጅ፣ የበረዶ ዓሣ፣ ግዙፍ የባሕር ሸረሪት፣ ኦክቶፐስ ታየ። 150 ሜትር የሚወፍር በረዶ ተከድኖበት የኖረ ቦታ ነው። ጋሼ፣ ከጥር 13 እስከ ጥር 25 አሥራ ሁለት ቀን ነው። በአሥራ ሁለት ቀን ኮራል አይተከልም፤ እንኳን ኮራል ጎመንም አይደርስ።

ደግሞ «ድንግል መሬት» ሲሉ ደነገጥኩ። በእኛ አቆጣጠር በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ በገፍ ተጭነው ወደ ምዕራብ የሄዱት ዘመዶቻችን ባዶና ለም መሬት ይጠብቃችኋል ተብለው ነበር። ሲደርሱ መተከል ላይ ጉሙዝ፣ ጋምቤላ ላይ አኙዋክ ነበረበት። ባዶ ያለው ሄዶ ያላየ ሰው ነበር፤ ዕዳውን የከፈሉት ግን የሄደውም የነበረውም ናቸው። ከሰው ጋር ስፖንጅ አልመዝንም። ግን ሳያዩ ባዶ ማለትን የወሎ ሰው ቀለል አድርጎ ሊጽፈው አይገባም፣ እርስዎ ደግሞ ያን ዘመን አይተውታል።

ለነባሮቹ በረዶው መሰበሩ ምን ያመጣል ለሚለው፣ መጀመሪያ የሚመጣው የበረዶ ተራራው ራሱ ነው። የተቆረጡት ቁራጮች በጅረት ሲገፉ ሆዳቸው ወለሉን ጥልቀቱ በፈቀደ ቦታ እንደ ማረሻ ይገለብጠዋል። ከዚያ ፈጥነው የሚያድጉ ሰፋሪዎች ይመጣሉ፤ በላርሰን አካባቢ መጀመሪያ የተስፋፉት አሲዲያን የተባሉ ውኃ አጣሪዎች ነበሩ። በጥቂት ቀለብ ቀስ ብሎ መኖርን የለመደው ከነዚህ ጋር ቦታ ይሻማል። ቆሮሶ ሐይቁን ሲሞላ ሌላው ምን ሆነ የሚለውን ጋሼ አልጻፉትም፤ የሐይቅ ልጅ ስለሆኑ እሱን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።

ተንሳፋፊ በረዶ ሲቀልጥ የባሕር ከፍታ እምብዛም አይጨምርም ማለታቸው ትክክል ነው፤ ቀድሞም ውኃው ላይ ክብደቱን ጥሏልና። የጎደለው ቀጣዩ ዐረፍተ ነገር ነው፦ ያ በረዶ ከኋላው ያለውን የየብስ በረዶ ገድቦ ይይዛል። ላርሰን ቢ ሲፈርስ ከኋላው የነበሩት ግግሮች ፍጥነታቸው በብዙ እጥፍ ጨመረ። ያኛው ሲገባ ባሕሩን ያሳድጋል።

«ከአንድ ድንጋይ ምን ይደመደማል» ለሚለው፣ እውነት ነው፣ በተንሳፋፊው በረዶ ሥር በዓይን የታየው ወለል ሁሉ ተደማምሮ አንድ የቴኒስ ሜዳ ቢሞላ ነው፤ በረዶው የሚሸፍነው ደግሞ 1.5 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል። ግን ይህ ሙግት የሚጎዳው ማንን ነው? ከቴኒስ ሜዳ አይተው «ነዋሪ አለ» ያሉት አንድ ነዋሪ ማሳየት ይበቃቸዋል። «ምንም የለም» ያለው ግን ሚሊዮኑን ኪሎ ሜትር መዞር አለበት። «ለወሎ ገበሬ ምን ይጠቅመዋል» ለሚለው ጥያቄ ግን መልስ አልሰጥም፤ እርስዎ የፈረንሳይን ወንዞች ስም በቃል ሲያስጠኑን ማናችንም አልጠየቅንዎትም።

አንድ ነገር ግን እተውልዎታለሁ። የፊልሽነሩ ቋጥኝ ላይ ያሉት እንስሳት በቪዲዮ ታዩ እንጂ ናሙናቸው አልተወሰደም፤ ዝርያቸው፣ ዕድሜያቸው፣ ምን እንደሚበሉ በላቦራቶሪ የታየ የለም። ስለዚህ እዚያው ይዋለዱ ይሆን፣ ወይስ ትውልዱ የሚተካው በየጊዜው ከዳር በሚመጣ እጭ ብቻ ይሆን የሚለው ክፍት ነው። «መንገደኞች ናቸው» ያሉትን «ወላጆቻቸው ሌላ አገር ናቸው» ብለው ቢያሻሽሉት፣ ቢያንስ ለዚያ ቋጥኝ ማንም ሊያስተባብልዎ አይችልም። ከዚህ ተነሥተው መልስ ቢጽፉ ልጆቼ ያነቡታል፤ የ1979ኙን ዘገባ ደግሞ ዓሣው ያለበትን ገጽ አሰምሬበት ወደ ደሴ በሚመጣ ሰው እልክልዎታለሁ።